ዘመነ ጽጌ በበለጣ ጫካ

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት ወር፣ ከማኅሌተ ጽጌ ሌሊት በኋላ በዋለው ሰኞ፣ ከተማሪዎቼ አንዱ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣና «መምህር፣ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስለ አበባ ተዘመረ፤ ያች አበባ የትኛዋ ናት? እኛ አገር ትበቅላለች?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ዲቁና ተምሮ ያደገ ሰው እንደሚመልሰው መለስሁለት፤ ሊቃውንት እመቤታችንን በአበባ፣ ልጇን በፍሬ እየመሰሉ እንደሚያመሰግኑ፣ ደርቃ ሳለች የለመለመችው የአሮን በትርም የዚሁ ምሳሌ መሆኗን ነገርሁት። ልጁ በትሕትና ካዳመጠኝ በኋላ «ይህንስ በሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ እኔ የጠየቅሁዎ በዱር ስላለችው ነው» አለኝ።

በዚያች ሰዓት ከአደይ አበባ በቀር በስም ለይቼ የምጠራው የዱር አበባ ሦስት አይሞላም ነበር። ሕፃናትን በማስተምርበት ዘመን ሁሉ በሰሌዳ ላይ አበባ እየሣልሁ ወንዴውንና ሴቴውን፣ ዱቄቱንና ዘሩን ለይቼ አሳይቻለሁ፤ የምሥለው ሥዕል ግን ከውጭ አገር መጽሐፍ የተገለበጠ፣ በሆላንድ አገር የምትታወቀው ቱሊፕ የምትባል አበባ ነበረች። በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የተጠመጠመውን ነጭ አበባ ያለውን ሐረግ ስም ማንም ቢጠይቀኝ አላውቀውም ነበር። ስለዚህ ለልጁ «እንግዲያው ሄደን እናያለን» ብዬ ቃል ሰጠሁት።

ጉዞአችንን ከመተረኬ በፊት ስለ ዘመኑ ጥቂት ልበል። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው አርባ ቀን ሲሆን፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷ የሚታሰብበት ነው። በእነዚህ ቀኖች በየሰንበቱ የሚቆመው ማኅሌተ ጽጌ ከአባ ጽጌ ብርሃን ስም ጋር የተያያዘ ድርሰት ነው፤ ከእርሱም ጋር ሰቆቃወ ድንግል ይባላል። ጾሙ የፈቃድ ጾም ነው፤ በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይውላል። ስደትን የሚያስታውስ የኀዘን ዘመን የአበባ ዘመን ተብሎ መጠራቱ ለሩቅ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ክረምቱ ባለፈ ማግሥት በአገራችን ተራራ ላይ የቆመ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ምድሪቱ ራሷ በዚያው ሳምንት የምታደርገውን ያያልና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት ተማሪዎች ይዤ፣ ወላጆቻቸውንም አስፈቅጄ፣ ከጅማ መናኸሪያ በማለዳ ተነሣን። የሄድንበት በለጣ የሚባለው ጫካ ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በቦንጋ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሰቃና ከሸቤ ከተሞች መካከል ይገኛል። ከጌራ ደን ጋር ተያይዞ ሲቆጠር ስፋቱ ወደ 150 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ከከተማዋ ስንወጣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩበት የጅሬን ኮረብታ ከኋላችን በጉም ተሸፍኖ ቀረ፤ ከፊታችን ያለው ሜዳ ግን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር።

ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «አደይ!» ብለው ጮኹ። የመጀመሪያው ትምህርታችን የተጀመረውም በዚሁ ስሕተት ነው፤ እኔም እንደ እነርሱ ተሳስቼ ነበርና። ከመኪና ወርደን ጠጋ ብለን ብንመለከት ከሦስት የማያንስ ዐይነት ቢጫ አየን። በማሳው ውስጥ ተዘርቶ ያበበው ዘይት የሚጨመቅበት ኑግ ነው። በማሳው ዳርቻና በሜዳው ሳይዘራ የበቀለው መጭ ይባላል፤ የኑግ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ መልኩ ይመሳሰላል። እውነተኛው አደይ በጉብታው ላይና በመንገዱ ጥግ ነበረ። የዕፀዋት ሊቃውንት አደይን ቢደንስ ከሚሉት ወገን ይመድቡታል፤ ይህ የላቲን ቃል «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ዘሩን በእጃችን ይዘን ስናየው ስሙ ከየት እንደ መጣ ገባን፤ በዚህ ወገን ብዙዎቹ ዘሮች ከጫፋቸው ሁለት ትንንሽ እሾህ አላቸው፤ ልብስና የከብት ጠጕር እየያዙ ይጓዛሉ። አንዲት ተማሪ ሹራቧን ተመልክታ «ስለዚህ እኛም ዛሬ ዘራን» አለች።

በጫካው ጠርዝ ከሚኖሩት ገበሬዎች አንድ አዛውንት መንገድ ሊመሩን ፈቀዱ። ሥራቸው ቡናና ማር ነው፤ ሃይማኖታቸው እስልምና፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ሲሆን አማርኛውንም አሳምረው ይናገሩታል። የመጣንበትን ጉዳይ ስነግራቸው ፈገግ ብለው «መምህር፣ ስለ አበባ ከሆነ ከንብ ጋር ያረጀ ሰው አገኛችሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የመምህርነቱን ወንበር ለእርሳቸው ለቅቄ እኔም ከተማሪዎቹ ኋላ ተሰለፍሁ።

የጫካው መንገድ እንደ ከተማ መንገድ ወደ ፊት ብቻ እያዩ የሚሄዱበት አይደለም። አዛውንቱ በየጥቂቱ እየቆሙ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ እንድንመለከት ያዙን ነበር። ጫካው እንደ ፎቅ ቤት ነው፤ በየደርቡ የሚኖረው አበባ የተለያየ ነው። የምድር ቤቱ እርጥብና ጨለማ ነበር። በዚያ ከጅረቱ ዳር ጕልበታችን ድረስ ከደረሰው ቅጠል መካከል ወደ ውስጡ ሐምራዊ የተነካካ ትልቅ ነጭ አበባ አገኘን። አዛውንቱ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው «ይህን እናቶቻችሁ ያውቁታል» አሉ፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ግን አላወቁትም። እንሶስላ ነበረ! በየሠርጉና በየበዓሉ እጅና እግር ሲያቀላ የምናውቀው እንሶስላ ከሥሩ እንጂ ከአበባው የሚገኝ ባለመሆኑ፣ ቀለሙን እየወደድን አበባውን ሳናየው ኖረናል። ሊቃውንቱ የሰጡት ስም ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ነው፤ የኋለኛው ቃል ማቅለሚያ ማለት ነው። ከአጠገቡ ዘመዱ የሆነች ትንሽ ሮዝማ አበባ ነበረች፤ የበሰለ ፍሬዋን በጣት ሲነኩት ድንገት ፈንድቶ ዘሩን ይረጫል። ስምንቱ ተማሪዎች ይህን ካወቁ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ወደ ፊት መሄድ አልተቻለም።

ኮረሪማም በዚያው ነው የሚያብበው። ቅጠሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሲሆን አበባው ግን ከቅጠሉ ራስ ላይ የሚወጣ መስሎአቸው ወደ ላይ ሲፈልጉ ለቆዩት ልጆች አዛውንቱ በበትራቸው መሬቱን አሳዩአቸው። ከሥሩ ተጠግቶ፣ አፈሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ስስ አበባ ተከፍቶአል። በገበያ በገመድ ተሰክቶ የሚሸጠው፣ እናቶቻችን ከበርበሬና ከቅቤ ማንጠሪያ የማይለዩት ቅመም ከዚህ አበባ ይጀምራል። የፍሬው ቅርፊት በዛፉ ጥላ ሥር ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል።

ከዚህ በላይ ያለው ደርብ የቡና ነው። በዚያ ወር የቡናው ፍሬ መቅላት ጀምሮ ነበርና አበባውን አላየንም። ይህ ዛፍ በዘር ሳይሆን በራሱ በቅሎ፣ ቀጥ ብሎ ከጥላው ለማምለጥ እንደሚጣጣር ቀጭን ልጅ ወደ ላይ ተስቦ ስናየው፣ ከጓሮአችን ቡና ጋር አንድ መሆኑን ለማመን ይቸግር ነበር። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለዚህ ተክል «የዐረብ ቡና» የሚል ስም ሰጠው፤ አውሮጳውያን ያወቁት ከዐረብ አገር በመጣው በኩል ስለ ነበረ ነው። በአጋሮ አጠገብ ያለው የጮጬ ሕዝብ ቡና መጀመሪያ በእኛ ዘንድ ተገኘ ሲል፣ የካፋም ሕዝብ በእኛ ነው ይላል። ክርክራቸውን ለእነርሱ ልተወውና፣ የዐረብ ግን እንዳልሆነ ከጫካው ውስጥ የቆመ ሰው ያለ ምስክር ያውቃል።

በጅረቱ አጠገብ ዘንባባ በቅሎአል፤ ለሆሳዕና በግንባራችን የምናስረው ያው የዱር ዘንባባ ነው። ሐረጎቹም በየዛፉ ተጠምጥመዋል። በትምህርት ቤታችን አጥር ላይ ያለውን ባለ ነጭ አበባ ሐረግ ያገኘሁት እዚሁ ነው፤ የአዞ ሐረግ ይባላል፤ አበባው ሲያልፍ ዘሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ነጭ ላባ ያወጣል። ከእርሱ ጋር አብሮ ወደ ዛፉ የሚወጣው መዓዛው የጣፈጠ ጠምበለል ነበረ። እንግዲህ የሃያ እርምጃ ያህል ሳልርቅ ዓመታት ያለፍሁትን ስም 40 ኪሎ ሜትር ተጕዤ ተማርሁ።

ከሁሉ በላይ ያለው ደርብ የትልልቆቹ ዛፎች ነው። ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን ደርበው ከዚያ ሆነው ይመለከቱን ነበር። አዛውንቱ በሁለት ቋንቋ ይጠሩልን ጀመር፤ ወንዛው በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ ዶቅማው በዴሳ፣ ብሳናው መካኒሳ፤ ይህን የመጨረሻውን ቃል የአዲስ አበባ አንባብያን ከሰፈር ስም ያውቁታል። ቀረሮው በሁለቱም ቋንቋ ቀረሮ ነው። በጥቅምት ያበበው ወንዛው ነበር፤ ጫፉ ሁሉ በነጭ ተሸፍኖ፣ የረገፈው አበባም መንገዱን እንደ ተነጠፈ ሻሽ አስመስሎት ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተማሪዎቹን አስቆምሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የማኅሌቱ ከበሮ ከወንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራ ነው። ከበሮው የሚመታበት ዘመነ ጽጌ ዛፉ ራሱ የሚያብብበት ወቅት መሆኑን በዚያች ደቂቃ ብቻ አስተዋልሁ፤ ካህናቱ ይህን አስበው ያደረጉት ነው አልልም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከበሮ ስሰማ ያ ነጭ ምንጣፍ ይታየኛል።

አንድ እጅግ ያረጀ ቀረሮ ዛፍ ሥር ደረስንና አዛውንቱ ወደ ላይ አመለከቱ። ከቅርንጫፉ መጋጠሚያ ላይ፣ ከሽበቱና ከፈርኑ መካከል፣ ወፍራም ጠንካራ ቅጠሎችና ወደ አየር የተንጠለጠሉ ነጫጭ ሥሮች ይታያሉ። ኦርኪድ ነበር። ተማሪዎቹ «የዛፉን ደም የሚመጥ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አይደለም። በዛፉ ላይ ተቀምጦ ይኖራል እንጂ ከዛፉ አንዳች አይወስድም፤ ውኃውን ከጉሙና ከዝናቡ፣ ምግቡን በቅርፊቱ ላይ ከበሰበሰው ቅጠል ያገኛል። በኢትዮጵያ ከ150 የሚበልጡ የኦርኪድ ዐይነቶች ተመዝግበዋል፤ ሊቁ ሰብስቤ ደምሴው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ስለ እነርሱ አንድ መምሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። እኛ ግን በአበባ ዘመን መጥተን የጫካውን ትልቁን አበባ በቅጠሉ ብቻ አየነው። «አሁን ጊዜው አይደለም» አሉን አዛውንቱ፤ «ዝናቡ ሲመለስ ነጭ ኮከብ ታወጣለች፤ ቀን ቀን አትሸትም፤ ፀሐይ ሲገባ ነው የምትሸተው።» ይህም እውነት ነው፤ ከእነዚህ ነጫጭ ኦርኪዶች ብዙዎቹ የሚጠብቁት በሌሊት የሚበር ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት ነውና፣ ማራቸውን በረጅም ጅራት በመሰለ ቱቦ ውስጥ ደብቀው በምሽት መዓዛቸውን ይልካሉ።

ከዚያ ጥቂት እንደ ተራመድን ጫካው ተለወጠ። ዛፎቹ አሉ፤ ጥላውም አለ፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ግን ሐረግ የለም፤ ኮረሪማ የለም፤ እንሶስላ የለም፤ ከቡናው ሥር ያለው መሬት እንደ ተጠረገ ደጀ ሰላም ንጹሕ ነው። ከዛፎቹም የቀሩት ሰሳና ወንዛ፣ ጥላቸው ሳሳ ያለው ናቸው። የመጀመሪያ ስሜቴን ባልደብቅ ይሻላል፤ ደስ አለኝ። ተማሪዎቼን ስለ ደብተራቸው ንጽሕና ስገሥጽ የኖርሁ ሰው ነኝና «ይህስ ጎበዝ ገበሬ ነው» አልሁ። አዛውንቱ ሳቁ። «የእኔ ነው» አሉኝ። «ሐረጉን ያልቆረጠ፣ ቁጥቋጦውን ያልመነጠረ ሰው እዚህ አገር ሰነፍ ይባላል። ቡናው ፀሐይ ካላየ ጥቂት ነው የሚያፈራ። ልጆች ያስተማርሁት በዚህ ነው፣ መምህር። ንቡ ግን ከዚህ አይቀስምም፤ ወደ ጅረቱ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው በጅረቱ በኩል ያለውን ለምን ሳይመነጥሩ ተዉት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ለቀፎዬ ነዋ!» አሉ። «ቡናው የዓመት ነው፤ አንዳንዴም ዋጋው ይወድቃል። ማሩ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይመጣል። አንዱን እጅ ለቡና፣ አንዱን እጅ ለንብ ሰጥቻለሁ።»

ይህ ነገር ከአንድ ገበሬ ማሳ የሚሰፋ ነው። የበለጣ ጌራን ደን ለመጠበቅ በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ እርዳታ ሥራ ከተጀመረ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በጫካው ዳር የሚኖሩት ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን እየጠበቁ የመጠቀም መብት አግኝተዋል፤ የጫካ ቡናቸውም ሬይንፎረስት አሊያንስ ከሚባለው ድርጅት የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። ታካሃሺና ቶዶ የሚባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የምስክር ወረቀት ያገኘው ደን ካላገኘው ይልቅ ከመመንጠር መትረፉን አሳይተዋል። ይህ ትልቅ የምስራች ነው። ቡና ባይኖር ኖሮ ጫካውም ብዙው ለበቆሎ ማሳ ተመንጥሮ ባለቀ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በዚያው በ2013 እ.ኤ.አ. የጅማ ዩኒቨርሲቲው ክተሳ ሁንደራ ከቤልጅግ ባልደረቦቻቸውና ከሌሎች ጋር ያወጡት ሌላ ጥናት፣ የጫካው መቈራረጥና በውስጡ የሚደረገው የቡና ልማት ሁለቱም በዛፍ ላይ የሚኖሩትን ኦርኪዶች ብዛት እንደሚቀንሱ አስረድቷል። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ ሰው፣ ቡና ዛፉን ያተርፋል፤ አበባውን ግን ሁልጊዜ አያተርፍም። ከሰማይ በሚነሣ ፎቶግራፍ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

የጫካው ቡና ራሱም ከዚህ ፍርድ አላመለጠም፤ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ዕፀዋት መካከል ተጽፎአል። የደን መመንጠርና የአየር ጠባይ መለወጥ እንደ ምክንያት ተጠቅሰዋል።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከጫካው ወጥተን ወደ ሸቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከፍታ ቆምን። ወደ ደቡብ የጎጀብ ሸለቆ ቁልቁል ተዘርግቶአል፤ ከሸለቆው ማዶ የካፋ ተራሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ እየደበዘዙ እንደ ሰማያዊ ግድግዳ ተደርድረዋል። እዚያ ማዶ ያለውን ደን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ተማሪዎቹ ምሳቸውን ሲበሉ አንድ የጂኦግራፊ ጥያቄ ጣልሁላቸው። ከፊታችን ያለው የጎጀብ ውኃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ኦሞ፣ ከኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ። ከጅማ ሜዳ የሚወርደው ግልገል ጊቤስ? እርሱም ዞሮ ኦሞን ያገኛል። ከጌራና ከጎማ ተራሮች ወዲያኛው ወገን የሚነሣው ዴዴሳ ግን ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከዓባይ ጋርም ግብጽ ድረስ ይወርዳል። ያ ጥያቄውን የጠየቀኝ ልጅ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው እመቤታችን በስደቷ የጠጣችው ውኃ ከዚህ ጉም የወረደ ይኖርበታል» አለ። ይህን ያስተማረው መምህር እኔ አልነበርሁም። በውኃው ጉዞ ዘንድ ግን ስሕተት አላገኘሁበትም።

ወደ ቤት ስንመለስ በየመስኮቱና በየሥዕሉ ዙሪያ የምንሰቅለውን የፕላስቲክ አበባ ማየት ለብዙ ቀን አስጠልቶኝ ነበር። ለሥዕል ክብር ሲባል የተደረገ መሆኑን አውቃለሁና አልፈርድም፤ ነገር ግን በዘመነ ጽጌ እንኳ አንድ የመጭ እቅፍ ከሜዳው ማምጣት እንዴት እንደ ከበደን ይገርመኛል። ኦርኪዱንና እንሶስላውን ግን ማንም እንዳይነቅል አደራ እላለሁ፤ በጓሮ ማሰሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጸድቁም።

በዐቢይ ጾም፣ በመጋቢት ወር፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሄድሁ። ደረቁ ወራት አልፎ የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ከዘነበ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። የቡና እንቡጥ በድርቁ ጊዜ ተኝቶ ይቆያል፤ ዝናብ ሲያገኝ ከሳምንት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይፈነዳል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላም ይጠወልጋል። ስለዚህ የቡናን አበባ ማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ቀጠሮውን የሚሰጠው ዝናቡ ነው። እኔ የደረስሁት በሁለተኛው ቀን ነበር። በቅርንጫፉ አንጓ ሁሉ ላይ በረዶ የወረደ ይመስላል፤ መዓዛውም የጠምበለልን መዓዛ ይመስላል። የጫካው ንብ ሁሉ በዚያ ነበር። ወደ ላይ ስመለከት ደግሞ ገተሙ ማበብ ጀምሮአል። ገተም ብዙውን ጊዜ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት እየሰደደ የሚያድግ ዛፍ ሲሆን፣ የጌራ ነጭ ማር የሚባለው ዝነኛ ማር የሚገኘው ከእርሱ አበባ ነው። በጅረቱ ዳርም ቅጠል ሳይቀድመው ከመሬት የወጣ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ እሳት የመሰለ ቀይ ድቡልቡል አበባ አገኘሁ። አዛውንቱ ከብት እንዳይበላው የሚከለክሉት መርዛም ተክል እንደ ሆነ ነገሩኝ፤ መርዛምነቱ የታወቀ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ በግንቦት መጨረሻ ስመለስ ያ ያረጀ ቀረሮ ዛፍ አልነበረም። ጥላው ለቡናው ከብዶ ነበር ተባለ፤ ግንዱም ለሳንቃ ተሰንጥቆ ሄዶአል። ዛፉ የማን ድርሻ እንደ ነበረ አልጠየቅሁም፤ አዛውንቱም አልነገሩኝም። መሬቱ ላይ የተበታተኑት ቅርንጫፎች ከነሽበታቸውና ከነፈርናቸው በፀሐይ ደርቀው ነበር። ስምንቱን ተማሪዎች ወደ ላይ ያስመለከትሁበት ቦታ ባዶ ሰማይ ሆኖአል።

ነገር ሳልናገር ወደ ቤታቸው ተከተልኋቸው። በደጃቸው ባለው ወንዛ ላይ፣ ከመሬት ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ ክንድ የሚሆን የቀረሮ ቅርንጫፍ በልጥ ታስሮ አየሁ። በላዩም እነዚያ ወፍራም ቅጠሎች አሉ፤ ጫፋቸው ጥቂት ቢጠወልግም ሥሮቹ አዲስ አረንጓዴ ጫፍ አውጥተዋል። ከመካከላቸውም ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ሦስት እንቡጦች ይዞአል። «ከወደቀው ላይ ይህችን ብቻ ነው በሕይወት ያገኘሁ» አሉኝ። «ልጆቹ ቢመጡ እንዲያዩአት ብዬ ነው።»

መኪና እስኪመጣ ድረስ ከደጃቸው ተቀምጠን ቡና ጠጣን። ፀሐይ ስትገባ ከሦስቱ እንቡጦች አንዱ በግማሽ ተከፍቶ ነበር። አዛውንቱ ተነሥተው አፍንጫቸውን ወደ ወንዛው አስጠጉ፤ እኔንም በእጃቸው ጠሩኝ።